ቆጣሪው የሚለውና ሞተሩ የሚናገረው
(በአባላት ስብሰባ ላይ የቀረበ)



ለሰርግ የሚከራይ አሮጌ ቮልስ ከቁጠባችን ልንገዛ ቀብድ ይዘን ስንሄድ፣ ሻጩ መጀመሪያ ያሳየን ቆጣሪውን ነበር፤ 43,000 ኪሎ ሜትር ይላል። ደስ አለን። ኋላ ግን እኛ የሒሳብ ክፍሎች ተጠያየቅን፤ ማስረጃ የሌለው ቁጥር መቼ መዝገብ ላይ አስገብተን እናውቃለን?

የድሮ ቮልስ ቆጣሪ ባለ 5 አሃዝ ነው። 99,999 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ 43,000 የተባለው 143,000 ወይም 243,000 ሊሆን ይችላል። የቆጣሪው ገመድ ተበጥሶ መኪናው ሳይቆጠር ሲሄድ ከርሞም ይሆናል።

በማግስቱ መካኒክ ይዘን ተመለስን። የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ ፔዳል ጎማ አልቆ ብረቱ ወጥቷል። የሾፌሩ በር ሲከፈት ወደ ታች ይወርዳል። መካኒኩ ሞተሩን አጥፍቶ፣ ከኋላ ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ ይዞ ገፋ ሳብ ሲያደርገው ቋ ቋ አለ። በደህና ሞተር ላይ ይህ ክፍተት በእጅ እምብዛም አይታወቅም፤ ከ0.15 ሚሊ ሜትር ማለፍ የለበትም። ኮምፕሬሽን ሲለካም ከአራቱ ሲሊንደሮች አንዱ ከሌሎቹ በጣም ዝቅ ብሎ ተገኘ። «ይህ ሞተር መከፈቱ አይቀርም» አለን።

ሻጩ ዋሸን አንልም፤ እሱም ሲገዛ የተነገረውን ይሆናል የነገረን። እኛ ግን የያዝነው የእናንተን የወር መዋጮ ነው።

ቀብዱ ወደ ባንክ ተመልሷል። ለመካኒኩ የከፈልነው በወጪ ተመዝግቧል፤ ደረሰኙም ፋይል ውስጥ አለ።