የተጣመመ በር ስለ ማቃናት
(በመፋዛ ለጎልማሶች ትምህርት ክፍል ከተሰጠ ገለጻ)



ዛሬ የምነግራችሁ ስለ በር ነው። ነገሩ ተራ ይመስላል። ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንኖረው በሣር ክዳን ቤት ነው፤ እሳትም የምናነደው እዚያው ነው። በክረምት ካልታገሉት የማይከፈት በር በየሰፈሩ አለ። እናት ውሃ ልትቀዳ ሄዳ ሕፃናት ውስጥ እያሉ እሳት ቢነሳ፣ እንዲህ ያለውን በር የስድስት ዓመት ልጅ ጎትቶ አይከፍተውም።

እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። የሚያብጠው ግን ወደ ጎኑ ነው፤ ቁመቱ እምብዛም አይለወጥም። 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የሳንቃ በር በኸሪፍ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ሊሰፋ ይችላል። በዚያ ላይ አንዱ ፊቱ ፀሐይ ሲመታው ሌላው ጥላ ላይ ነው። ቶሎ የደረቀው ፊት ይጎደጉዳል። አገራችን ሳለን ለበር ዋንዛ ይመረጥ የነበረው በከንቱ አልነበረም፤ ከደረቀ በኋላ ብዙ አይጣመምም። ባሕር ዛፍ ግን ይጠመዘዛል።

አንዳንዴ ደግሞ ጥፋቱ የበሩ አይደለም። የገዳሪፍ ጥቁር አፈር ዝናብ ሲያገኝ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ መቃኑንም ይዞት ያዘማል። ስለዚህ በክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ ከመቃኑ ጎን አንጠልጥሉ። መቃኑ ከክሩ ጋር እኩል ካልወረደ መቃኑን አቃኑ እንጂ በሩን አትንኩ።

አደራ የምላችሁ፣ በሐምሌና በነሐሴ መላጊያ አታንሱ። ነሐሴ ላይ የተላገ በር ጥቅምት ላይ ጊንጥ የሚያሳልፍ ክፍተት ይኖረዋል። በጣም ካስቸገረ መቃኑን ከሰል ቀብታችሁ በሩን ዝጉ፤ ጥቁር ያረፈበት ቦታ ነው የሚነክሰው። እሱን ብቻ በስሱ ፋቁ። የቀረውን ዝናቡ ካባራ በኋላ ታዩታላችሁ።

የጎደጎደውን ለማቃናት በሩን ከማጠፊያው ፍቱና ጉድጓዳውን ፊት ወደ ታች አድርጋችሁ በረጠበ ጆንያ ላይ አስተኙት። ያበጠው ጀርባው ለፀሐይ ይጋለጥ። ድንጋይ ጫኑበት። አንድ ቀን ላይበቃው ስለሚችል ማታ ማታ እዩት። ሲቃና ጆንያውን አንሱና በሁለቱም በኩል ነፋስ እንዲያገኘው በጥላ አቁሙት፤ ፀሐይ ላይ ብትተዉት ይመለሳል።

ከዚያ በጀርባው ሰያፍ ጣውላ ምቱበት። የሰያፉ እግር ከታችኛው ማጠፊያ አጠገብ ይነሳና ራሱ ወደ መቆለፊያው በኩል ይውጣ። ብዙ ሰው ገልብጦ ይመታዋል፤ ያን ጊዜ በሩ መጎተቱን አይተውም። በመጨረሻ የተልባ ዘይት ወይም ቀለም በሁለቱም ፊት እኩል ቀቡ፤ የላይና የታች ጫፉን አትርሱ፣ ውሃ በብዛት የሚጠጣው በዚያ ነው። የሰሊጥ ዘይት እዚህ እንደ ልብ ነው፤ ግን አይደርቅም፣ አቧራ ይይዛል፤ ለወጥ ይሁን።

የፊታችን ዓርብ ጠዋት በትምህርት ቤቱ ራኩባ ሥር አንድ በር አብረን እናቃናለን። መዶሻ ወይም መላጊያ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ጆንያና ውሃ ከእኛ ነው።