ስለ ጥርስ፣ ስለ ጥርስ ሙሌትና ስለምንበላው ስለምንጠጣው
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



የሥራ አመራር ኮሚቴው በዚህ ጉባኤ ላይ ስለ ጤና ጥቂት እንድናገር ስለጋበዘኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በጥርስ ሕክምና ክፍል ለረጅም ጊዜ ስላገለገልኩ የመረጥኩት ርእስ የለመድኩትን ነው፤ ይኸውም የምንበላውና የምንጠጣው ነገር በጥርሳችን ልባስና በተሞላ ጥርሳችን ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት ነው።

«ዕድር የሞተን ለመቅበርና ያዘነን ለማጽናናት የተቋቋመ ማኅበር ነው፤ ስለ ጥርስ ምን አገባው?» የሚል ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም ሁለት ነው። አንደኛ፣ የጥርስ ሕመም እንደሚባለው ቀላል ሕመም አይደለም። ከጥርስ ሥር የተነሣ መግል ችላ ሲባል ወደ አገጭ ሥርና ወደ አንገት ወርዶ መተንፈሻን ሊዘጋና ሰው ሊገድል ይችላል። ሁለተኛ፣ ጥርስን የሚጎዳው ጣፋጭ ነገር ያለማቋረጥ ከሚቀርብባቸው ቦታዎች አንዱ የራሳችን ድንኳን ነው። ወደዚህ በኋላ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ጥርስ ምን እንደሆነ እንይ። የጥርስ የላይኛው ሽፋን ሐኪሞች ኢናሜል የሚሉት ነው። በሰውነታችን ውስጥ ከዚህ የጠነከረ ነገር የለም፤ ከክብደቱ ከመቶ 96 ያህሉ ማዕድን ነው። ነገር ግን ሕይወት ያለው አካል አይደለም። አጥንት ቢሰበር ይጠግናል፣ ቆዳ ቢቆረጥ ይሽራል፤ ኢናሜል ግን አንድ ጊዜ ከተበላ ተመልሶ አይበቅልም። ከሥሩ ያለው ደንቲን የሚባለው ክፍል ለስላሳ ስለሆነ ሽፋኑ ሲሳሳ ቀዝቃዛውም ትኩሱም ይሰማናል፤ «ጥርሴን ወጋኝ» የምንለው ያኔ ነው።

ይህን ጠንካራ ሽፋን የሚያሸንፈው አሲድ ነው። የአንድ ነገር ኮምጣጣነት ፒኤች በሚባል መለኪያ ይለካል፤ 7 ማለት ንጹሕ ውኃ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። አፋችን ውስጥ ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ከኢናሜሉ ውስጥ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል። አሲዱ የሚመጣው በሁለት በር ነው። አንደኛው በር ስኳር ነው፤ በጥርስ ላይ የተለጠፉ ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን በልተው አሲድ ይሠራሉ። ሁለተኛው በር ምግቡ ወይም መጠጡ ራሱ ኮምጣጣ ሲሆን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ስቴፋን የሚባል አሜሪካዊ ተመራማሪ እንዳሳየው፣ ሰው ስኳር ያለበትን ነገር በቀመሰ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ በጥርሱ ላይ ያለው አሲድ በኃይል ይጨምራል፤ ከዚያ ምራቅ እያጠበና እያለዘበ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ምራቅ የጠፋውንም ማዕድን በጥቂቱ ይመልሳል፤ ጊዜ ግን ይፈልጋል። እንግዲህ ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለበትን ሻይ በአንድ ጊዜ ጠጥቶ የጨረሰ ሰው ጥርሱን አንድ ጊዜ ለአሲድ ሰጠ። ያንኑ ሻይ ከጧት እስከ ማታ በየግማሽ ሰዓቱ ፉት የሚል ሰው ግን ምራቁ ሥራውን ሳይጨርስ ሌላ አሲድ ይጨምርበታል። በስዊድን አገር ቪፔሆልም በተባለ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተደረገው ጥናትም ይህንኑ አሳይቷል፤ ከምግብ ጋር ከተበላው ስኳር ይልቅ በምግብ መካከል የተበላው የሚጣበቅ ከረሜላ ጥርስን እጅግ አበላሽቷል። ጥናቱ ፈቃዳቸውን መስጠት በማይችሉ ሕሙማን ላይ መደረጉ ዛሬ ይወገዛል፤ ያሳየው ነገር ግን እውነት ነው። ስለዚህ «ስንት ማንኪያ?» ብቻ ሳይሆን «በቀን ስንት ጊዜ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አባቶቻችን በብዙ አገር ቡናን የሚጠጡት በጨው ነበር። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ፣ ቀጥሎም ሸዋ፣ መተሐራና ፊንጫ ከተጨመሩ ወዲህ ስኳር የየቤቱ ዕቃ ሆነ። አሁን ደግሞ ለስላሳ መጠጥ መጣ። 300 ሚሊ ሊትር የምትይዝ አንዲት ጠርሙስ ኮካ ኮላ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለባት፤ ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው ለቀኑ በሙሉ 25 ግራም ገደማ ቢሆን ይመረጣል ብሏል። በዚያ ላይ የመጠጡ ፒኤች 2.5 ገደማ ስለሆነ በሁለቱም በር ይገባል፤ ጣፋጭም ኮምጣጣም ነው ማለት ነው።

«እንጀራችንስ ኮምጣጣ አይደለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ነው፤ የቦካ ሊጥ ፒኤች ወደ 4 አካባቢ ይወርዳል። ሆኖም እንጀራ ተኝኮ ከወጥ ጋር የሚዋጥ ምግብ ነው፤ ማኘክ ምራቅን ያመነጫል፣ ማዕዱም ሲነሣ ነገሩ ያልቃል። ስለዚህ በእንጀራ አትስጉ። ሎሚ ግን ሌላ ነው። ፒኤቹ ከ2 እስከ 3 ስለሆነ፣ ሎሚን መምጠጥ፣ ይልቁንም ጥርስ ለማንጣት ሎሚ በጨው አድርጎ መፈተግ ኢናሜሉን አሟሙቶ መፋቅ ነው። ጥርሱ ለጊዜው የነጣ ይመስላል፤ ነገር ግን ሽፋኑ እየሳሳ ሲሄድ ከሥሩ ያለው ቢጫው ደንቲን ይወጣል። አምቦ ውኃ ብቻውን ቢጠጣ ጋዙ የሚሰጠው አሲድ ደካማ ስለሆነ ከለስላሳ ጋር አይወዳደርም፤ ሎሚ ሲጨመቅበት ግን ነገሩ ይለወጣል። ጠጅ ማሩም ኮምጣጣነቱም አለበት፤ በዚያ ላይ በብርሌ ቀስ እየተባለ ስለሚጠጣ ጥርስ ላይ ይቆያል። ጫት የሚቅሙ ደግሞ አፋቸው ይደርቃል፤ ምራቅ በጠፋበት ሰዓት ስኳርና ለስላሳ ለሰዓታት ሲጨመርበት ጥርሱን የሚከላከልለት አይኖርም።

አሁን ወደ ተሞላ ጥርስ ልምጣ። ብዙ ሰው ጥርሱን ካስሞላ በኋላ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለዋል። ሙሌቱ ራሱ አይበሰብስም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሙሌቱና ጥርሱ የሚገናኙበት ዳር አለ። ግድግዳና የበር መቃን እንደሚገናኙበት ቦታ ማለት ነው፤ ዝናብ የሚገባው በዚያ ነው። ሙሌት በኋላ ከሚበላሽባቸው ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ በዚህ ዳር በኩል እንደገና መበስበስ ነው። ስለዚህ ጥርሱን ያስሞላ ሰው ስኳሩን ካልቀነሰ ያው ሕመም በሌላ በር ይመለሳል።

ሙሌት ዓይነቱ ብዙ ነው። በአገራችን የምናገኛቸውን ሦስቱን ልጥቀስ። አንደኛው አማልጋም የሚባለው ብርማው ሙሌት ነው፤ ግማሽ ያህሉ ሜርኩሪ ሲሆን ከብር፣ ከቆርቆሮና ከመዳብ ጋር የተዋሐደ ነው። ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ አንድ ቀን ያህል ስለሚፈልግ በዚያ ቀን በዚያ በኩል አይታኘክበትም። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለሐኪም ካልታየው ልዩ ምክንያት በቀር አዲስ አማልጋም እንዳይደረግ ከልክለዋል፤ ይህም ሜርኩሪው አካባቢን እንዳይበክል ነው። አፋችሁ ውስጥ ያለውን ደኅና ሙሌት ግን «ይውጣልኝ» አትበሉ፤ ሲሰረሰር የሚወጣው ተን ከመቀመጡ ይበልጣል። ሁለተኛው ኮምፖዚት የተባለው ነጩ ሙሌት ነው። በብርሃን ወዲያው ይደርቃል፤ ቀለም ግን ይጠጣል። እርድ የበዛበት አልጫ፣ ጥቁር ቡና፣ ሻይና ትንባሆ ያወይቡታል፤ ብዙ አልኮልም ፊቱን ያለሰልሰዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እርድና ቡና መተው ይበጃል። ሦስተኛው ግላስ አዮኖመር ይባላል፤ ፍሎራይድ ስለሚሰጥ ለልጆች ጥሩ ነው፣ ኮምጣጣ መጠጥ ግን ከሌሎቹ ይልቅ ይጎዳዋል።

ሙሌትን የሚሰብረው ደግሞ ጠንካራ ነገር ነው። ትልቅ ሙሌት ያለበት ጥርስ ግድግዳው የቀጠነ ቤት ነው። ከቆሎ መካከል የምትገኝ ጠጠር፣ ከፈንድሻ ሥር የሚቀር ያልፈነዳ ፍሬ፣ በመንገድ ዳር የምንገዛው ሸንኮራ፣ አጥንት መቆርጠም፣ ይልቁንም ቆርኪ በጥርስ መክፈት፣ ሙሌቱን ብቻ ሳይሆን ጥርሱን ከሥሩ ይሰነጥቁታል። ትኩስ ቡና ጠጥቶ ወዲያው በረዶ የመሰለ ውኃ መጨመርም አይበጅም፤ ሙሌትና ጥርስ በሙቀትና በብርድ እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይሸበሸቡ ዳሩን ቀስ በቀስ ያላላዋል።

ስለ ቡናማ ጥርስ ሳልናገር ባልፍ ደግ አይደለም፤ በሰፈራችን ከስምጥ ሸለቆ የመጡ ቤተሰቦች አሉና። በወንጂ፣ በመተሐራና በዝዋይ አካባቢ የአንዳንዱ ጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ሲሆን፣ በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የተገኘበት ጉድጓድ አለ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ይህ ውኃ ጥርስን ብቻ ሳይሆን አጥንትንም እንደሚጎዳ በጥናታቸው አሳይተዋል። ልጅ ጥርሱ ገና በድዱ ውስጥ ሲሠራ ይህን ውኃ ከጠጣ ኢናሜሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ይወጣና በኋላ ቡናማ ይሆናል። ይህ እድፍ ወይም የንጽሕና ጉድለት አይደለም፤ በከሰልና በአሸዋ ቢፈትጉትም አይለቅም፤ ያለውን ሽፋን መጨረስ ብቻ ነው። ልጆቻችሁ በዚህ ነገር እንዳይሳለቁ አስተምሩልኝ። በልክ የሆነ ፍሎራይድ ግን፣ በጥርስ ሳሙና ውስጥ እንዳለው፣ ኢናሜልን ያጠነክራል።

ጥርስ ሲያም የምናደርገውንም አንድ ቃል ልበል። ቅርንፉድ ሕመሙን ለጊዜው ያስታግሣል፤ የዘይቱ ፍሬ ነገር በሐኪም ቤትም ለጊዜያዊ ሙሌት ይገባል። ነገር ግን የተቦረቦረውን አይደፍንም። አስፕሪን ድድ ላይ ማስቀመጥ ሥጋውን ያቃጥላል። የእምቧይ ፍሬ እየታጠነ «ትል ወጣ» የሚባለውም እውነት አይደለም፤ በጥርስ ውስጥ ትል የለም። ፊት ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ መዋጥ ወይም አፍ መክፈት ካቃተ ያው ሌሊቱን ሆስፒታል መድረስ ነው እንጂ እስኪነጋ አይጠበቅም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምትይዙልኝ ይህን ነው፦

1ኛ. ጣፋጩን ከምግብ ጋር አድርጉት፤ በመካከል ውኃ ይበቃል።

2ኛ. ኮምጣጣ ወይም ጣፋጭ ከቀመሳችሁ በኋላ በውኃ ተጉመጥመጡ፤ ጥርስ ለመቦረሽ ግን ግማሽ ሰዓት ቆዩ፣ ያን ጊዜ ኢናሜሉ ለስልሶ ስለሚገኝ ይፋቃልና።

3ኛ. በቀን ሁለት ጊዜ፣ በተለይም ከመኝታ በፊት፣ ፍሎራይድ ባለው ሳሙና ቦርሹ። በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የማታው ይበልጣል። የወይራ መፋቂያም ጥሩ ነው፤ ሳሙና ቢነካ ደግሞ የበለጠ ነው። ለትንሽ ልጅ የሩዝ ፍሬ፣ ሦስት ዓመት ሲሞላው የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ትበቃዋለች።

4ኛ. የተሞላ ጥርስ ያላችሁ ምግብ ከገባበት፣ ከሻከረ ወይም ከወጋችሁ ቶሎ አሳዩ። ትንሽ ቀዳዳ በአንድ ቀን ትሞላለች፤ የዘገየች ወደ ሥሩ ገብታ ወጪውን ታበዛለች ወይም ታስነቅላለች። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

በመጨረሻ ወደ ድንኳናችን ልመለስ። ለቀስተኛ ሦስት ቀን ይቀመጣል፤ ስኳሩ በፔርሙስ ውስጥ የገባበት ሻይ ሲዞር ይውላል፤ ለስላሳ ይከተላል፣ ቆሎ ይበተናል። የሚቀመጡት ደግሞ አብዛኞቹ ዕድሜአቸው የገፋ፣ የተሞላና የተነቃነቀ ጥርስ ያላቸው፣ አንዳንዶቹም ስኳር በሽታ ያለባቸው ናቸው። ያዘነውን ቤተሰብ እያገለገልን ለቀስተኛውን ባንጎዳ ምን አለበት? ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። ሻይው ያለ ስኳር ይፈላ፣ ስኳሩ ለብቻው ይቅረብ፣ የፈለገ ይጨምር። በለስላሳ ፈንታ ንጹሕ ውኃ በየጠረጴዛው ይቀመጥ። ከቆሎው ጎን ሁልጊዜ ንፍሮ ይኑር። ይህ ወጪ አይጨምርም፤ ይልቁንም ገንዘብ ያዣችን የስኳርና የለስላሳ ሒሳብ ሲቀንስ ደስ ይላቸዋል።

ብቻውን «ለእኔ ስኳር አይደረግብኝ» የሚል ሰው በለቅሶ ቤት እንደ ነውረኛ ይታያል፤ ዕድሩ ራሱ ከወሰነው ግን ማንም አያፍርም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሎሚውን ግን አትምጠጡት። ኮሚቴው ነገሩን በአጀንዳ ይዞ እንዲያወያየን በትሕትና እጠይቃለሁ።

 እግዚአብሔር ጤናውን ይስጠን።