መስመር ቆርጦ ገበያ ፍለጋ!?

(ለረጅም ዓመታት በቡና ላኪነት የሠሩ አንድ ነጋዴ በአዲስ አበባ ለወጣት ነጋዴዎች ያደረጉት ንግግር)



የተሰጠኝ ርዕስ «ቴክኖሎጂና የዓለም ገበያ» ይላል። ርዕሱ እንደ ባሕር ሰፊ ነው። እኔ የማውቀው ግን ቡና ነውና በቡና እናገራለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ከሥሩ ልጀምር።

እኔ ይህን ሥራ ስጀምር ከውጭ ገዢ ጋር የምንገናኘው በቴሌክስና በፋክስ ነበር። ናሙና እንልካለን፤ ገዢው ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ ቀምሶ መልስ እስኪሰጥ ሳምንታት ያልፋሉ። እስከዚያ ድረስ የኒውዮርክ ዋጋ ወጥቶ ወርዶ ይሆናል። ዋጋውን የሚያውቀው እሱ ነው። እኛ የምናውቀው እሱ የነገረንን፣ የጅማው ገበሬ ደግሞ ሰብሳቢው የነገረውን ብቻ! እንግዲህ ወሬ የሌለው ሰው ገበያ ቢወጣ የሚሸጠው ቡናውን ሳይሆን ራሱን ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። የምርት ገበያው በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ደግሞ ዋጋ በየከተማው በተተከለ ሰሌዳና በስልክ ይነገር ጀመር። ይሄ ትልቅ ነገር ነበር፤ መመስገን ያለበት ይመስገን። ነገር ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ቡናው በደረጃ ተመድቦ ሲደባለቅ የማን ማሳ እንደሆነ ጠፋ። የውጭው ገዢ ደግሞ በዚያው ዘመን «ገበሬውን አሳየኝ፣ ማጠቢያውን አሳየኝ፣ ከፍታውን ንገረኝ» ማለት ጀምሮ ነበር። ደንበኛው በስልኩ ላይ የገበሬውን ፎቶ እያየ ቡና በሚጠጣበት ጊዜ እኛ ስም የለሽ ጆንያ እንልክ ነበር። ይህ መላላት የጀመረው በ2009 ዓ.ም. በተደረገው የግብይት ማሻሻያ ነው።

ስም ማለት ገንዘብ መሆኑን ደግሞ ከስታርባክስ ጋር ከነበረው ክርክር ተምረናል። መንግሥት በ1997 ዓ.ም. ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉት ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት ሆነው እንዲመዘገቡለት አመለከተ። የአሜሪካ ቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። ያን ጊዜ ኦክስፋም የተባለው ድርጅት ዘመቻ ከፈተ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢሜይል፣ በፋክስና በስልክ ኩባንያውን ወጥረው ያዙት። በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ተፈረመ። አያችሁ? ያለ መድፍ፣ ያለ ታንክ፣ በመስመር ብቻ!

አሁን ወደ ዋናው ቁስሌ ልምጣ።

በ2012 ዓ.ም. «ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ» የተባለው ዓለም አቀፍ የቡና ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ በአገራችን ተካሄደ። ከ1,400 በላይ ናሙናዎች ቀረቡ። አሸናፊዎቹ በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በኢንተርኔት ጨረታ ለዓለም ተሸጡ። አንደኛ የወጣው የአንድ የሲዳማ ገበሬ ቡና ስንት አወጣ? ፓውንዱ 185 ዶላር! በኪሎ ሲሰላ ከ400 ዶላር በላይ ማለት ነው። በዚያ ወቅት የኒውዮርክ ዋጋ ለአንድ ፓውንድ 1 ዶላር ገደማ ነበር። ገበሬው ፓስፖርት አላወጣም፣ ኤግዚቢሽን አልሄደም፣ ደላላ አልለመነም። ቡናው በኤሌክትሪክ ሽቦ ቶኪዮ ገባለት ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

በዚያው በሰኔ ወር መጨረሻ ግን ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተገደለ፤ አገር አዘነ፣ ብዙ ደም ፈሰሰ። በማግስቱ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተዘጋ። ለሦስት ሳምንት ያህል! «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የሚል ስልት በጸደቀበት በዚያው ዓመት እኮ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው።

የእኔ ጭነት ያን ጊዜ መንገድ ላይ ነበር። አውሮፓ ያለው ገዢዬ በሰነዱ ላይ አንዲት ቃል እንድትታረም በኢሜይል ጽፎልኝ ኖሯል። እኔ አላየሁም። ደግሞ ጻፈ። አላየሁም። በሦስተኛው ሳምንት መስመሩ ሲለቀቅ ያነበብኩት የመጨረሻው ደብዳቤ አጭር ነበር፦ «ስላልመለስክልን ከኮሎምቢያ ገዝተናል።» የዓመታት ደንበኛዬ ነበር። ተቆጥቶ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቡናውን በኋላ በቅናሽ ሸጥኩት፤ ሰዎቼንም አልበተንኩም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን የዚያ ቅናሽ ዕዳ የወደቀው እኔ ላይ ብቻ ነው? አይደለም። በሚቀጥለው ዓመት ለአቅራቢዬ ዋጋ ጨምሬ መክፈል አልቻልኩም። አቅራቢዬ ደግሞ ለገበሬው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ የተጎተተች አንዲት ገመድ ይርጋጨፌ ያለውን ገበሬ ኪስ ትቀዳለች።

«ሰው እየሞተ አንተ ስለ ቡና ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። እኔም ሰው ነኝ፤ እኔም አዝኛለሁ። ግን ልጠይቅ፦ መስመሩ ሲዘጋ ሞቱ ቆመ ወይ? አልቆመም! ሰው የሞተው መስመሩ ተዘግቶ ሳለም ነው። ከዚያ ወዲህስ? በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ከዓለም ተቆረጠች። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋና ወራት ፈጀ። የመቐለውና የባሕር ዳሩ ነጋዴ ደንበኛውን «ትንሽ ጠብቀኝ» ብሎ የሚለምንበት መንገድ እንኳ አልነበረውም።

ለውጥ የለም አልልም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. መጣ፤ ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. በይፋ ሥራ ጀመረ፤ የመንግሥት ብቸኛ ገበያ መሆኑ አበቃ። ኬንያውያን ግን በኤም-ፔሳ ገንዘብ መላላክ የጀመሩት በ1999 ዓ.ም. ነው። እኛ 16 ዓመት ቆይተን በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ተቀበልነው። የዘገየንበትን ዓመት ማን ይመልስልናል?

ከፊታችን ያለው ደግሞ ይብሳል። የአውሮፓ ኅብረት በፈረንጆቹ 2023 ያወጣው ሕግ ቡና ወደ አውሮፓ ሲገባ ያደገበት ማሳ በሳተላይት የሚታይ መለኪያ እንዲኖረው፣ ደን ተመንጥሮ የመጣ እንዳይሆን ይጠይቃል። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ተራዝሟል፤ ሕጉ ግን አልቀረም። የእኛ ቡና የሚመጣው ከብዙ ሚሊዮን ትንንሽ ማሳዎች ነው። እያንዳንዱን ማሳ በስልክ መዝግቦ ለሐምቡርግ መላክ የግድ ሊሆን ነው። ታዲያ ወረዳው ኔትወርክ ከሌለው፣ ያለውም በፈለጉ ቀን የሚቆረጥ ከሆነ፣ ምን ልንልክ ነው? ይቅርታ?

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መስመር መዝጋት በሕግ ይገደብ፤ ማን እንዳዘዘ፣ ለምን፣ ለስንት ቀን እንደሆነ በይፋ ይነገር። ሁለተኛ፣ የደረሰው የንግድ ጉዳት ይቆጠር፤ ያልተቆጠረ ጉዳት እንዳልደረሰ ይቆጠራልና። ሦስተኛው ለእናንተ ነው፤ በየማኅበራችሁ ተሰባሰቡና ይህንን በአንድ ድምፅ ጠይቁ። እኛ ዝም ብለን ኖረን ያተረፍነው ዝምታውን ብቻ ነው።

ቡና ያበቀልነው እኛ ነን። ለዓለም ያስተዋወቅነው እኛ ነን። ገዢው «አለህ ወይ?» ብሎ ሲጣራ ግን «አቤት» የምንልበት መስመር በሌላ ሰው እጅ ሊሆን አይገባም።