የመሬት ደብተርና የኮምፒዩተር መዝገብ



ከደብረ ማርቆስ ጥቂት ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚኖሩ አጎቴ የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በላዩም ጨርቅ አልብሰው ከሣጥናቸው ሥር ያኖራሉ። ባለፈው ክረምት ልጠይቃቸው በሄድሁ ጊዜ አውጥተው አሳዩኝና፣ «ልጄ፣ መሬታችሁ ወደ ኮምፒዩተር ገብቷል ይሉናል፤ እንግዲህ ይህን ወረቀት ልጣለው ወይስ ልያዘው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በዚያን ዕለት «ይያዙት» ከማለት በቀር የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ነገሩ ግን የብዙ ሰው ጥያቄ ስለ ሆነ ዛሬ ልናገርበት ወደድሁ።

የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሲለካና ሲመዘገብ ቢጠራጠር ያለ ምክንያት አይደለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ፣ መሬቱ ከተለካ ርስትነቱ ይቀራል የሚል ሥጋት ተነሥቶ ሕዝቡ እስከ መሸፈት ደርሶ ነበር። በ1989 ዓ.ም. በተደረገው የመሬት ድልድልም ይዞታው የተቀነሰበት ሰው ብዙ ነው። ከ1995 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ አረንጓዴው ደብተር ሲታደል ግን፣ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጥፎበት፣ ማኅተምም አርፎበት ከእጁ ሲገባ፣ ገበሬው ደብተሩን እንደ ዐይኑ ብሌን ጠበቀው። በተለይ ባሏ ለሞተባት ወይም ለተፋታች ሴት ያ ፎቶግራፍ ከብዙ ሽማግሌ ምስክርነት የበለጠ ጉልበት አለው።

ይሁን እንጂ ደብተሩ ካርታ አልነበረውም። መሬቱ በገመድ ተለክቶ፣ በአራቱ ማዕዘን የሚያዋስኑት ሰዎች ስም ይጻፋል፤ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን ወንዝ ይላል። አዋሳኙ ሲሞትና መሬቱ ለልጆቹ ሲከፋፈል ግን የተጻፈው ምልክት መያዣ ያጣል። ሁለተኛው ምዝገባ ይህን ለማረም የመጣ ነው። ከአየር ወይም ከሳተላይት በተነሣ ፎቶግራፍ ላይ ድንበሩ አዋሳኞች ባሉበት ይሠመራል፤ ማሳው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይህም ሁሉ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል። ከዚያ በኋላ ባለ ይዞታው ካርታ ያለበት ወረቀት ይቀበላል።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በአረንጓዴው ደብተር ጊዜ፣ ምንም እንኳ በቀበሌና በወረዳ መዝገብ ቢኖርም፣ ገበሬው ዋናውን ማስረጃ በእጁ ይዞ ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም። አሁን ግን ዋናው በመሣሪያው ውስጥ ያለው ሲሆን፣ በእጁ ያለው ወረቀት የዚያ ግልባጭ ነው። ወረቀቱን ከአይጥና ከውሃ መጠበቅ ብቻ አይበቃም፤ በመሣሪያው ውስጥ የተጻፈው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

የቀድሞ ሰዎች የርስትና የጉልት ጉዳይ በወንጌል መጽሐፍ ኅዳግ ላይ ያጽፉ ነበር፤ በምሥራቅ ጎጃም የቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ጽሑፍ የታሪክ ሊቃውንት ያጠኑት ነው። ብራና ቢፋቅ ፍቀቱ ይታያል፤ ወረቀትም ቢሰረዝ ወይም ቀለሙ ቢለወጥ ዐይን ያለው ያውቀዋል። በኮምፒዩተር የተጻፈ ቁጥር ግን ሲለወጥ ጠባሳ አይተውም። አንድ ሄክታር የነበረው ሦስት ጥማድ ሆኖ ቢጻፍ፣ አዲሱ እንደ አሮጌው ንጹሕ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ መዝገቡ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደ ለወጠ ራሱ የሚመዘግብ መሆን አለበት፤ ባለ ጉዳዩም ይህን የመጠየቅ ድፍረት ሊኖረው ይገባል።

አጎቴን ይዤ ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነበር። ጸሐፊው ስማቸውን ጽፎ ፈለገና፣ «የለም» አለ። ሽማግሌው ፊታቸው ዐመድ መሰለ። በኋላ ነገሩ ሲጣራ፣ በደብተሩ ላይ በፀሐዩ «ፀ» የተጻፈው ስም ወደ መሣሪያው የገባው በጸሎቱ «ጸ» ኖሯል። ለሚያነብ ሰው ሁለቱ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለመሣሪያው ግን፣ አቻ ናቸው ብሎ ያስተማረው ከሌለ፣ «ሀ» እና «መ» የሚለያዩትን ያህል ይለያያሉ። ሃሌታው «ሀ»፣ ሐመሩ «ሐ» እና ብዙኃኑ «ኀ»፣ እንዲሁም እሳቱ «ሰ» እና ንጉሡ «ሠ» እንደዚሁ ናቸው። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩን ልዩነቱን ጠንቅቀን ብንይዝ ኖሮ አጎቴ ባልደነገጡ ነበር፤ እኔም ብሆን ከስሕተቱ ንጹሕ አይደለሁም።

ከዚህም በቀር፣ ወረቀት ለማንበብ የቀን ብርሃን ይበቃል። የኮምፒዩተሩ ጽሑፍ ግን መሣሪያውንም የተጻፈበትንም ዘዴ ይሻል። ፊደላችን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም.፣ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ በየዓይነቱ የፊደል ዘዴ ይጻፍ ስለ ነበር፣ የዚያን ጊዜውን ጽሑፍ ዛሬ ሲከፍቱት ብዙ ጊዜ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። መብራት ሲጠፋም ሥራ ይቆማል። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ በክልሉ የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሳይመለስ መቆየቱን አድማጮች አይዘነጉትም። በአንጻሩ ግን ጽሕፈት ቤት ቢቃጠል በሌላ ስፍራ ግልባጭ ያለው የኮምፒዩተር መዝገብ ይተርፋል፤ አንድ ብቻ የሆነ የወረቀት መዝገብ ግን አይተርፍም። ሕጉም ቢሆን በ2012 ዓ.ም. በወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ለኤሌክትሮኒክ ጽሑፍ ዕውቅና ሰጥቶታል።

እንግዲህ ደብተር ያላችሁ ሁሉ፣ አዲሱን ወረቀት ስትቀበሉ አሮጌውን አትጣሉት፤ መልሱ ብትባሉ እንኳ ፎቶ ኮፒ አስቀሩ። ባልና ሚስት አብራችሁ ሄዳችሁ፣ ማንበብ የሚችል ልጅ ካላችሁም አስከትላችሁ፣ ስማችሁን በየፊደሉ፣ የማሳውን ስፋትና የአዋሳኞቹን ስም ከደብተሩ ጋር አስተያዩ። ወራሽ የሆናችሁም ውርሱን ሳትዘገዩ አስመዝግቡ።

የአጎቴ «ጸ» በዚያው ዕለት ታረመ። የታተመውን ወረቀት ተቀብለው ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ፤ ከቤት እንደ ገቡም ከአረንጓዴው ደብተር ጋር በአንድ ላስቲክ ጠቅልለው ከሣጥኑ ሥር አኖሩት።