የዓይን ሐኪም ለመሆን ለሚያመለክት ወጣት የምርምር ሥራ ያለው ዋጋ

(በሬዲዮ የተደረገ ንግግር)



ከእናንተ መካከል ልጁን ሕክምና ያስተማረ፣ ወይም በአሜሪካን አገር የሚማር ዘመድ ያለው ብዙ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። በቅርቡ እንዲህ ካሉት አባቶች አንዱ፣ «ልጄ ዶክተር ሆኖ ተመርቋል፤ ታዲያ ሐኪም ቤት ገብቶ በመሥራት ፈንታ አንድ ዓመት ያለ ደመወዝ ምርምር ልሥራ፣ ቀለቤን ቻሉኝ ይለኛል፤ ይህ ነገር ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ልጁ የሚመኘው የዓይን ሐኪምነትን ነው። እኔ ሐኪም ባልሆንም ጉዳዩን ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁትን ዛሬ ለእኒህ አባትና ለመሰሎቻቸው እነግራለሁ። ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የዓይን ሕክምና በአሜሪካን አገር ለመግባት እጅግ ከሚያስቸግሩት የሕክምና ክፍሎች አንዱ ነው። ሐኪሙ ዲግሪውን ከተቀበለ በኋላ አንድ ዓመት በጠቅላላ ሕክምና፣ ቀጥሎም ሦስት ዓመት በዓይን ሕክምና በአሠልጣኞች ሥር ሆኖ ይሠራል፤ ይህንን ሥልጠና ሬዚደንሲ ይሉታል። አመልካቹ የሚፈልጋቸውን ሆስፒታሎች በምርጫው ተራ ይጽፋል፤ ሆስፒታሎቹም ጠርተው ካነጋገሯቸው አመልካቾች የወደዷቸውን እንደዚሁ በተራ ይጽፋሉ፤ ሁለቱም ዝርዝሮች በአንድ ማዕከል ተገናዝበው ማን የት እንደ ደረሰው ይታወቃል። ቀድሞ አመልካቾችን ለማበጠር ትልቁ ወንፊት የመጀመሪያው የሐኪምነት ፈቃድ ፈተና ነጥብ ነበር። ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ ግን ይህ ፈተና «አለፈ» ወይም «ወደቀ» ብቻ የሚባልበት ሆነ። ስለዚህ መራጮቹ ነጥቡን ባጡ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ፈተና፣ ወደ መምህራን የምስክርነት ደብዳቤና ወደ ምርምር ሥራ ይበልጥ ተመለከቱ።

ሆኖም ምርምር የተፈለገው ለወንፊትነት ስለሚመች ብቻ ነው ማለት ነገሩን ማቃለል ይሆናል። በ1940ዎቹ ዓመታት በአሜሪካን አገር ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱት ሕፃናት ብዙዎቹ ይታወሩ ነበር። ቴሪ የተባለ የቦስተን የዓይን ሐኪም በ1942 ስለ በሽታው ጽፎ ነበር፤ ምክንያቱን ግን የሚያውቅ አልነበረም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አርኖል ፓትዝ የተባለ ወጣት ሐኪም በዋሽንግተን ከተማ በጋሊንገር ሆስፒታል በሥልጠና ላይ ሳለ፣ ዓይናቸው የጠፋው ሕፃናት በማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ለሳምንታት ብዙ ኦክሲጅን የተሰጣቸው መሆናቸውን አስተዋለ። ስለዚህ ሕፃናቱን በሁለት ወገን ከፍሎ ለአንዱ ወገን እንደ ተለመደው፣ ለሌላው ግን የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ኦክሲጅን እንዲሰጥ አሰበ። ለዚህም የመንግሥት የምርምር ገንዘብ ቢጠይቅ ተከለከለ፤ ከወንድሙ ተበድሮ ሥራውን ጀመረ። ከነርሶቹም አንዳንዶቹ ሕፃናቱ አየር እንዳያጥራቸው ፈርተው ሌሊት ሌሊት ኦክሲጅኑን ከፍ ያደርጉት ነበር። እነዚህን ነርሶች የሚወቅስ ሰው የሚገኝ አይመስለኝም፤ ኦክሲጅን ያድናል እንጂ ይጎዳል ብሎ ያስተማራቸው አልነበረምና።

በ1953 እና በ1954 አሥራ ስምንት ሆስፒታሎች የተባበሩበት ጥናት የፓትዝን ሐሳብ አጸና። እስከዚያ ድረስ ወደ 10,000 የሚጠጉ ሕፃናት ዓይናቸውን እንዳጡ ይገመታል፤ በ1950 የተወለደው ዘፋኝ ስቲቪ ዎንደር ከእነዚሁ አንዱ ነው። ፓትዝም በ1956 የላስከርን ሽልማት ተቀበለ። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ኦክሲጅን ከመጠን በላይ ሲቀነስ ደግሞ የሚሞቱት ሕፃናት በዙ፤ ልኩ የቱ ነው የሚለው ጥያቄ ገና ሲመረመር ኖሮ፣ በ2010 የታተመ ሰፊ ጥናት ዝቅተኛው ልክ ዓይንን ቢጠብቅም ሞትን እንደሚጨምር አሳየ።

ጥሩ መራጭ በአመልካቹ ላይ የሚፈልገው ይህንኑ ጠባይ ነው፤ ሁሉም ለምዶት የሚያልፈውን ነገር አይቶ «ለምን?» የሚል፣ መልሱንም በግምት ሳይሆን በቁጥር የሚፈልግ ሰው። ስለዚህ ስሙን በሃያ ጽሑፍ ላይ በአሥረኛ ተራ ያስጻፈ ወጣት፣ ፊት ለፊት ሲጠየቅ ስንት በሽተኛ እንደ ተመረመረና ሳይመለሱ የቀሩት የት እንደ ደረሱ መናገር ካቃተው፣ የዝርዝሩ ርዝመት መልሶ ያሳፍረዋል። አንዲት ትንሽ ጥናት ከጥያቄዋ እስከ ፍጻሜዋ ራሱ የሠራ ግን ስሕተቱን ጭምር ሳይፈራ ያስረዳል።

ከውጭ አገር ተመርቆ ለመጣ ሐኪም ሌላም ጥቅም አለው። መራጮቹ የተማረበትን ትምህርት ቤት ላያውቁት ይችላሉ፤ አንድ ዓመት አብሮት የሠራው የዚያው አገር ፕሮፌሰር የሚጽፍለትን ደብዳቤ ግን ያምኑታል። በዚህ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ ያለ ደመወዝ ዓመት መቀመጥ የሚችለው ደጋፊ ያለው ነው፣ የድኻ ልጅ ግን ተሰጥኦ እያለው ከደጅ ይቀራል።

ምርምር ደግሞ በአሜሪካን አገር ብቻ የሚሠራ አይደለም። በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተደረገው ብሔራዊ ጥናት ከ100 ሰው 1.6 ያህሉ ዓይነ ስውር መሆኑ፣ የዓይነ ስውርነቱም ግማሽ የሚሆነው በዓይን ሞራ ምክንያት እንደ መጣ፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉት ሕፃናትም ከ100 አርባ ያህሉ ትራኮማ እንዳለባቸው ታውቋል። ይህ ቁጥር የተገኘው የሕፃናትን የዓይን ቆብ አንድ በአንድ እየገለበጡ በማየት ነው። በክፍለ ሀገር ሆስፒታል የተመደበ ወጣት ሐኪምም የሞራ ቀዶ ሕክምና መዝገብ በእጁ ነው፤ ከተቀደዱት ስንቱ ለምርመራ ተመለሰ፣ የተመለሰውስ ምን ያህል ያያል ብሎ በአለቆቹ ፈቃድ ቢያጣራ፣ የትም ይዞት የሚቀርብ ሥራ ይሆንለታል።

እንግዲህ እኒህ አባት ለልጃቸው ሲደውሉ፣ «የምትመረምረው ጥያቄ ምንድን ነው? የሚያሠራህስ ማን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ልጁ ጥያቄውን እኛ በሚገባን አማርኛ ካስረዳቸውና አብሮት የሚቀመጥ መምህር ካለው፣ የዓመቱን ቀለብ ቢችሉት አይከስሩም። «ብቻ ስሜ ይጻፍልኝ» ካላቸው ግን ገንዘቡን ይያዙት።