ይሰበር እንጂ አይበተን
በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት፤

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የሰንበት ትምህርት ቤት አዳራሽ ስንሠራ ለብርሃን ብለን ሰፊ መስኮት እንመርጣለን፤ ሕፃናቱም ከሥሩ ይቀመጣሉ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በናይሮቢ በደረሰው ፍንዳታም ብዙዎች የዓይን ብርሃናቸውን ያጡት በተበተነ መስታወት ነው።

በመስታወቱ የውስጥ ገጽ የሚለጠፍ ወፍራም የፖሊስተር ፊልም ስብራትን አያስቀርም፤ ስባሪውን ግን አጣብቆ ይይዛል፤ ሌባንም ያዘገያል። ለፀሐይ መከላከያ የሚለጠፈው ስስ ፊልም ለዚህ አይበቃም። የፊልሙ ጠርዝ ከመስኮቱ ፍሬም ጋር ካልተያያዘም መስታወቱ እንዳለ ሊወድቅ ይችላል።

ገንዘባችን ለሁሉም መስኮት ባይበቃ፣ ከሕፃናቱ መቀመጫ አጠገብ ካሉት እንጀምር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።