አማናው የደረሰባት ደሴት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ አድማጮቻችን! ሰውን ለማወቅ ወይ አብሮ መጓዝ ወይ በገንዘብ መገበያየት ያስፈልጋል ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እኛም ባለፈው ዓመት ወደ ኢንዶኔዥያ ባደረግነው ጉዞ ሁለቱም በአንድ ላይ ገጠሙን። ዛሬ ያየነውን እናጫውታችኋለን፤ ያጠፋነውንም አንደብቃችሁም። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልን በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልን።

ተጓዦቹ ሦስት ነበርን። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ ሐጂ፣ የጋራ ገንዘባችንን የሚይዝልን አንድ ወጣት ወንድማችን፣ ሦስተኛው ደግሞ ይህን ጽሑፍ የሚያነብላችሁ።

ኢንዶኔዥያ ከ17 ሺህ በላይ ደሴቶች ያሏት አገር ናት። ዛሬ ከ200 ሚሊዮን በላይ ሙስሊሞች ይኖሩባታል። የሚገርመው ነገር ታዲያ፣ ይህ ሁሉ ሕዝብ እስልምናን የተቀበለው ከውጭ የመጣ የሙስሊም ጦር አገሩን ወርሮ ስለያዘው አይደለም። ኋላ ላይ በአገሬው ነገሥታት መካከል ጦርነት ባይጠፋም፣ ዲኑን አስቀድመው ያደረሱት በንፋስ ኃይል በሚሄድ መርከብ የሚመላለሱ ነጋዴዎችና ዑለማዎች ናቸው። በሰሜን ሱማትራ የሰሙድራ ፓሳይ ሱልጣን የነበሩት የመሊክ አስ-ሷሊሕ የመቃብር ድንጋይ 1297ን የሚያመለክት ቀን ተቀርጾበት እስከ ዛሬ አለ። ታዋቂው ተጓዥ ኢብን በጡጣም በ1340ዎቹ በዚያው አልፎ፣ ሙስሊም ሱልጣን ተቀብሎ እንዳስተናገደው ተርኳል።

እስቲ አስቡት! ቋንቋውን የማያውቅ፣ ዘመድ የሌለው እንግዳ ነጋዴ በባዕድ ወደብ ላይ ሚዛኑን ይዘረጋል። ሰዎች ስለ ሃይማኖቱ ከመጠየቃቸው በፊት የሚያዩት ሚዛኑን ነው። በዱቤ የወሰደውን ንፋሱ ሲመለስ ይከፍላል ወይስ አይከፍልም? አገሬው እስልምናን የመዘነው በዚህም ጭምር ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

ጉዟችንን የጀመርነው ከጃካርታ፣ ከኢስቲቅላል መስጂድ ነው። ኢስቲቅላል ማለት ነፃነት ማለት ነው። መሠረቱ በ1961 ተጥሎ በ1978 ተመርቋል። ከ100 ሺህ በላይ ሰጋጅ ይይዛል። የዋናው ጉልላት ወርድ 45 ሜትር ሲሆን፣ ይህም አገሪቱ ነፃነቷን ያወጀችበትን 1945ን ለማስታወስ ነው። የሕንፃውን ንድፍ ያወጣው ፍሬድሪክ ሲላባን የተባለ ክርስቲያን አርክቴክት ነው። ንድፉ በውድድር ተመረጠ፤ እርሱም የተሰጠውን አደራ ሳያጓድል ተወጣ። ከመስጂዱ ፊት ለፊት መንገዱን ተሻግሮ የካቶሊኮች ካቴድራል ቆሟል። ሁለቱን የሚያገናኝ የምድር ውስጥ መተላለፊያ ተሠርቶ በ2024 ተመርቋል፤ ስሙንም «ሲላቱራሕሚ» ብለውታል። እኛ ሲለቱ ረሒም የምንለው መሆኑ ነው።

ከጃካርታ በባቡር ወደ ዮግያካርታ ተጓዝን። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ቦሮቡዱር የተባለው ታላቅ የቡድሃ እምነት ቤተ መቅደስ ይገኛል። በ8ኛውና በ9ኛው ክፍለ ዘመን መካከል የተገነባ ሲሆን፣ 2,672 የተቀረጹ የድንጋይ ገጾችና 504 የቡድሃ ሐውልቶች ነበሩት። «ሙስሊም ሆናችሁ እዚያ ምን ልትሠሩ ሄዳችሁ?» ትሉን ይሆናል። የሄድነው ለአምልኮ ሳይሆን ታሪክ ለማየት ነው። እዚያ ስንደርስ ግን ከድንጋዩ ይልቅ ልባችንን የነካው ጠባቂዎቹ ነበሩ። ጎብኚው በጫማው ደረጃውን እንዳይፍቅ ከሣር የተሠራ ነጠላ ጫማ ያጫምታሉ፤ እጁን ድንጋዩ ላይ የሚያሳርፈውን በትሕትና ይመልሳሉ። የዙሁር አዛን ሲሰማ ከእነርሱ ብዙዎቹ ውዱእ ሊያደርጉ ሲሄዱ አየናቸው። አብረናቸውም ሰገድን።

ይህ ቦታ በ1985 ፈንጂ ተጠምዶበት ዘጠኝ የድንጋይ ጉልላቶች ተጎድተው እንደነበር ይታወቃል። በ2010 ደግሞ ሜራፒ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ አለበሰው። አመዱን ጠርገው፣ ድንጋዩን አጥበው መልሰው ያጸዱት የአካባቢው ሰዎችና ሠራተኞች ናቸው። ከጠባቂዎቹ አንዱን «የእናንተ እምነት ያልሆነውን ነገር እንዲህ መንከባከብ አይከብድም?» ብለን ጠየቅነው። ሰውየው ፈገግ ብሎ አንድ ቃል ብቻ መለሰልን፦ «አማናህ»። እኛ በአማርኛ አደራ፣ አማና የምንለውን እነርሱም በዚያው ቃል ይጠሩታል። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቀን የራሳችንን ቃል ስንሰማ ሐጂ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ቀጥለን በመኪና ወደ ሰሜን ጃቫ ወጣን። በዴማክ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራውን ጥንታዊ መስጂድ ጎበኘን። ጉልላት የለውም፤ እንደ አገሬው ቤት ሦስት ደርብ ጣሪያ ነው ያለው። ከዚያ ወደ ኩዱስ ከተማ አለፍን። ከተማዋ ስሟን የወረሰችው ከአል-ቁድስ ነው፤ መስጂዷም አል-አቅሳ ይባላል። በ956 ዓመተ ሒጅራ፣ ማለትም በ1549 የተመሠረተ ነው። ሚናራው ከቀይ ጡብ የተሠራ ሲሆን፣ መልኩ ከእስልምና በፊት የነበሩትን የሂንዱ ቤተ መቅደሶች ይመስላል።

በኩዱስ ምሳ ስናዝዝ የቀረበልን የጎሽ ሥጋ ነበር። «የበሬ የለም?» ብንል አስተናጋጁ ታሪኩን ነገረን። የከተማዋን ሕዝብ ወደ እስልምና የጠሩት ሱናን ኩዱስ የተባሉት ሸይኽ፣ ላምን የሚያከብሩት የሂንዱ ጎረቤቶቻቸው እንዳይከፋቸው ተከታዮቻቸው ከብት እንዳያርዱ መክረው ነበር ይባላል። የላም ሥጋ ሐላል መሆኑን ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ የጎረቤትን ልብ ለመጠበቅ ነው። ይኸው ዛሬም ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ የከተማዋ ሰዎች የጎሽ ሥጋ መብላታቸውን አልተዉም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ ወደ ሎምቦክ ደሴት የበረርነው። ሎምቦክ «የሺህ መስጂዶች ደሴት» ትባላለች፤ በየመንደሩ ሚናራ ይታያል። 3,726 ሜትር ከፍታ ያለው የሪንጃኒ ተራራ ከላይ ቁልቁል ያያታል። ከሰሜን ምዕራብ ዳርቻዋ ራቅ ብለው ትራዋንጋን፣ ሜኖ እና አየር የተባሉ ሦስት ትናንሽ ደሴቶች አሉ። በነዳጅ የሚሄድ መኪናም ሞተር ሳይክልም የለባቸውም። ሰውም ዕቃም በፈረስ ጋሪ ይጓጓዛል። የጋሪውን ቃጭል ስንሰማ ያገራችን የገጠር ከተሞች ትዝ አሉን። ባሕሩ ከሥር አሸዋው እስኪታይ የጠራ ነው፤ ሱብሓነላህ!

ከሦስቱ በአንደኛዋ ላይ አንድ ቀን ዋልን። ምሳ የበላነው ከመስጂዱ አጠገብ ባለች ሰማያዊ በር ያላት አነስተኛ ምግብ ቤት ነው። ባለቤቷ በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ናቸው። የተጠበሰ አሣ፣ ሩዝ፣ የእኛን ዳጣ የሚያስንቅ ማባያና የኮኮናት ውሃ አቀረቡልን። በልጃቸው አስተርጓሚነት ስለ ራሳቸው አጫወቱን። ነሐሴ 5 ቀን 2018 ሎምቦክን የመታው መጠኑ 6.9 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ከ500 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ቤቶችና መስጂዶች ፈርሰዋል። የእርሳቸውም ቤት ወድቆ ነበር። ምግብ ቤቷን እንደገና ያቆሟት በብድር ነው። «ብድሩን ጨርሻለሁ፤ አልሐምዱ ሊላህ» አሉን በኩራት።

አዛን ተባለና ሰገድን። ከመስጂድ ስንወጣ የመጨረሻው ጀልባ ሊነሳ ነው ተባለ። ሮጠን ደረስን።

ማታ ማታራም ከተማ ባረፍንበት ሆቴል ወጣቱ ወንድማችን ሒሳብ ሲሠራ «ገንዘብ ተርፎናል!» ብሎ ተደሰተ። 240 ሺህ ሩፒያ ነው፤ 15 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሐጂ ግን ዝም አሉ። ቆይተው፦

«ልጄ፣ የምሳውን ሒሳብ ማን ከፈለ?» አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። እርሱ እኛ የከፈልን መስሎታል፤ እኛ ደግሞ ገንዘብ ያዡ እርሱ ነውና ከፍሏል ብለናል። ማንም አልከፈለም! ለዚያች በብድር ለቆመች ቤት ሳንከፍል በልተን ሄደናል። ቀኑን ሙሉ ስለ ነጋዴዎቹ ሚዛን ስናወራ የዋልነው እኛ!

«ሐጂ፣ ነገ ረፋድ ላይ በረራ አለን። ገንዘቡን እዚሁ መስጂድ ሳጥን ውስጥ በእርሳቸው ስም ሶደቃ ብናደርገውስ?» አለ ወጣቱ።

«ባለቤቱ የማይገኝ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ ደግ ብለህ ነበር» አሉት። «ይሄ ግን ባለቤቱ የሚታወቅ ዕዳ ነው። በሰው ገንዘብ ሶደቃ አይሰጥም።»

በዚያች ሌሊት ደጋግመው ያስታወሱን የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ታሪክ ነበር። የመካ ሰዎች ሊገድሏቸው እያሴሩ፣ ንብረታቸውን ግን ከእርሳቸው ዘንድ በአደራ ያስቀምጡ ነበር። ወደ መዲና ሲሰደዱም የእነዚያን ሰዎች አደራ ለየባለቤቱ እንዲመልስ ዓሊይን (ረ.ዐ) መካ ላይ ትተውት ነው የሄዱት። ጠላት ያስቀመጠው እንኳ ተመልሷል። እኛ ደግሞ በፍቅር ያበላችንን እናት ገንዘብ ይዘን ልንበር ነው።

ሱብሒ ሰግደን ወዲያው ወደ ባንግሳል ወደብ ከሾፌራችን ጋር ገሰገስን። ጀልባዎቹ የሚነሱት ሰው ሲሞላ ነው። ተሻግረን ብንመለስ አውሮፕላኑ እንደሚያመልጠን ሾፌሩ ነገረን። ስለዚህ ሊነሳ ሰው የሚጠብቅ አንድ የጀልባ ነጂ ዘንድ ቀርበን ነገሩን አስረዳነው። «የሴትዮዋ ስም ማን ነው?» አለን።

ውድ አድማጮቻችን፣ ስማቸውን አናውቅም ነበር! የቦሮቡዱርን የድንጋይ ገጾች ቁጥር በቃላችን ይዘናል፤ ያበሉንን እናት ስም ግን አልጠየቅንም። በዚያች ሰዓት ያፈርነው ካለመክፈላችን ባልተናነሰ በዚህ ነው። «ከመስጂዱ አጠገብ፣ ሰማያዊ በር...» ብለን ተንተባተብን። ሰውየው ግን አወቃቸው።

ለይቅርታ እንዲሆነን ጨምረን 300 ሺህ ሩፒያ ሰጠነው። ቆጠረና በደረት ኪሱ ከተተው። ወጣቱ ወንድማችን ለማስረጃ ፎቶ ሊያነሳው ስልኩን ሲያወጣ ሐጂ እጁን ያዙት። «ዕዳ ያለብን እኛ ነን። ትናንት እኛን ማንም ማስረጃ አልጠየቀንም» አሉት። የጀልባው ነጂ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «አማናህ» አለና ሞተሩን አስነሳ።

አውሮፕላን ማረፊያ ደርሰን ዕቃ ልናስፈትሽ ስንል የሾፌራችን ስልክ ጮኸ። ከደሴቲቱ የተላከ የድምፅ መልእክት ነበር። ሾፌሩ እየሰማ ተረጎመልን። ገንዘቡ ደርሷል። እናትየው ግን 240 ሺውን ብቻ ነው የወሰዱት። 60 ሺው የእርሳቸው ሐቅ ስላልሆነ በእኛ ስም በመስጂዱ ሳጥን ውስጥ እንዲገባ አድርገዋል። ልጃቸው ማታ «እንግዶቹ ሳይከፍሉ ሄዱ» ስትላቸውም «ሙሳፊሮች ናቸው፤ ረስተው ነው» ብለው እንደመለሱላት ነገረን። ስማቸውን ጠየቅን። ዛሬ በዱዓችን ስናነሳቸው በስማቸው ነው።

አድማጮቻችን! አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ 58ኛ አንቀጽ ስለ አማና ያዘዘንን ብዙዎቻችን በቃላችን እንቀራዋለን። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ አማና የሚጓደለው በትልቅ ክሕደት ሳይሆን እንዲህ «እርሱ ከፍሎ ይሆናል» በሚል ቸልታ ነው። የሠፈራችን ባለ ሱቅ ደብተር ላይ ስንት የተረሳ ዱቤ አለ? ተውሰን ያልመለስነው መጽሐፍ፣ ዛሬ ነገ እያልን ያዘገየነው የሠራተኛ ደመወዝስ? በአገራችንም ቢሆን እስልምና በብዙ አካባቢ የተዳረሰው በቅፍለት ነጋዴዎችና በሸይኾች እጅ ነው። አያቶቻችን ሩቅ አገር ሄደው ሲነግዱ የሚታመኑት ቃላቸው ስለማይታጠፍ ነበር። ያንን ስም ያወረሱን እንድንኮራበት ብቻ አይደለም፤ እንድንጠብቀውም ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ከመተኛታችን በፊት ሁላችንም ያለብንን እናስብ። ባለቤቱ የሚታወቅ ዕዳ ካለ ነገ ጠዋት እናድርስ፤ ራሳችን መድረስ ካልቻልን የታመነ ሰው እንላክ። የሚያበላንን፣ የሚያሳፍረንን፣ በር የሚከፍትልንን ሰው ስሙን እንጠይቅ።

አላህ (ሱ.ወ) አማናን ከሚጠብቁት ያድርገን። የረሳነውን ያስታውሰን፤ ያጠፋነውን ይማረን። አሚን። ወስሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።